የዓለምፀሐይ አራት ካርዶች

ታላቅ እህቴ ዓለምፀሐይ ይገዙ ነጠላ ትቋጭ ነበር። ሸማኔው ጨርቁን ከመሸመኛ ዕቃው ላይ ቆርጦ ሲያወርድ፣ በሁለቱ ጫፍ ሳይሸመን የቀረው ክር እንደተንጠለጠለ ይመጣል። እሷ ያንን ክር በትንሽ በትንሹ ትከፍለዋለች፤ ሁለት ሁለቱን ለየብቻ ታከርራለች፤ መልሳ አንድ ላይ ትገምዳለች፤ ጫፉን ትቋጥራለች። ለአንድ ነጠላ ሁለት መቶ ያህል ዘርፍ ይወጣል። አንዱ ከሌላው እኩል ካልከረረ በመጀመሪያው እጥበት ይፈታል፤ ያን ጊዜ ደንበኛው የሚያማው ሸማኔውን ሳይሆን ቋጪዋን ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ እሷ ቋጭታው ተፈትቶ የተመለሰ ነጠላ አላውቅም። እሷ ግን «አንድ አለ» ትል ነበር። «የሰርግ ነው፣ በ2008። ሙሽራዋም ወዲያው ተፋታች» ብላ ትስቃለች።

የተወለደችው ቀጨኔ፣ ከመድኃኔዓለም በታች ባለው ቁልቁለት፣ በ1977 ዓ.ም. ነው። እኔ ከሰባት ዓመት በኋላ መጣሁ። ስለ ሕፃንነቷ የምጽፈው እናታችን የነገረችንን ነው፤ እናታችን ቀንና ወር ስለማትስት አምኜ እጽፈዋለሁ። በስምንት ወሯ፣ ጡት እየጠባች ሳለ፣ ዓይኗ ወደ ላይ ተሰቀለና አንገቷ ደጋግሞ ወደ ፊት ደፋ ደፋ አለ። አንድ ጎረቤት ክብሪት ጭሮ ወደ አፍንጫዋ አስጠጋ፤ ሽታው ይመልሳታል ተብሎ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ እኛ ቤት ክብሪት እንደ ጨው የማይታጣ ዕቃ ሆነ። በላይኛው ከንፈሯ ላይ የነበረው ጠባሳም ከጊዜ በኋላ አንድ የተጣደፈ ሰው በጫረው ክብሪት የመጣ ነው።

ጀርባዋና ጭኗ ላይ ከቀረው ቆዳዋ የነጡ ምልክቶች ነበሩ፤ ረዘም ያሉ፣ ጫፋቸው የሾለ፣ የባሕር ዛፍ ቅጠል የሚመስሉ። እናታችን ለምጽ ነው ብላ ስለፈራች ሰው ፊት ልብሷን አታወልቅላትም ነበር። ሐኪም ፊትም ጭምር።

ሦስተኛ ክፍል ስትደርስ አፍንጫዋና ጉንጮቿ ላይ ቀላ ያሉ ትንንሽ እብጠቶች ወጡ። ብጉር ነው ተባለ። በዘጠኝ ዓመት ልጅ ፊት ላይ ብጉር ምን ይሠራል ብሎ የጠየቀ አልነበረም። የክፍሏ ልጆች «ተልባ» አሏት።

«ተልባ፣ ማን ዘራብሽ?» ይላታል አንዱ በየቀኑ።

«ሆድህ ሲደርቅ ትለምነኛለህ» አለችው አንድ ቀን፣ ሁሉም በሚሰማበት።

እኔ እዚያው ትምህርት ቤት ስገባ ያ ልጅ አድጎ ጺም አውጥቶ ነበር፤ ሰፈሩ ግን አሁንም «ሆድ ድርቅ» እያለ ይጠራው ነበር።

ስምንተኛ ክፍል፣ ለሚኒስትሪ ፈተና ሁለት ሳምንት ሲቀር፣ ክፍል ውስጥ ጣላት። መምህሯ እናታችንን አስጠርታ «ሌሎቹን ልጆች ታስደነግጥብኛለች፤ ትንሽ ትረፍ» አለቻት። ያ ዕረፍት አላለቀም። ዓለምፀሐይ ከጎረቤት መቋጨት ተማረች፤ ተቀምጦ የሚሠራ ስለሆነ ብትወድቅም ከፍ ካለ ቦታ አትወድቅም ተብሎ።

በአሥራ ስምንት ዓመቷ ደግሞ በእጇ ጥፍሮች ጥግ እንደ ትንሽ ጥራጥሬ ያለ ሥጋ መብቀል ጀመረ። ክሩ እዚያ ላይ እየተያዘ ይበጠስባታል። በምላጭ ትቆርጠዋለች፤ በፕላስተር ትጠቀልለዋለች፤ በወር በሁለት ወር ይመለሳል። የምትፈራው ሕመሙን አልነበረም። ነጩ ነጠላ ላይ ደም እንዳይነካ ነው የምትፈራው። ጭኗ ላይ ሁልጊዜ አሮጌ አንሶላ አጥፋ ታስቀምጥ ነበር።

ባሏ ወልዱ ከሸጎሌ ፒያሳ የሚጭን ታክሲ ይነዳል። ሊያገባት ሲጠይቃት በሽታዋን ከሰው አፍ እንዲሰማው አልፈለገችም።

«የሚጥል በሽታ አለብኝ» አለችው።

«እኔም በዚህ ዳገት ታክሲ እነዳለሁ» አላት። «ማናችን ቀድመን እንደምንሄድ አይታወቅም።»

ልጃቸው ሩታ በ2002 ዓ.ም. ተወለደች። የግራ ባቷ ላይ አንድ ነጭ ምልክት ነበራት። ዓለምፀሐይ ካልሲ አለበሰቻት፤ ስለ ጉዳዩም ብዙ ጊዜ ምንም አልተናገረችም።

እኔ በጤና መረጃ አያያዝ ዲፕሎማዬን ይዤ በ2004 ዓ.ም. አንድ ሆስፒታል ካርድ ክፍል ተቀጠርኩ። ሥራውን ለማያውቅ ሰው ባጭሩ ልግለጸው። የአንድ በሽተኛ ታሪክ ሁሉ በአንድ ፎልደር ውስጥ ይቀመጣል፤ ፎልደሩ ቁጥር አለው። በሽተኛው ቁጥሩ የተጻፈበትን ትንሽ ካርድ ይዞ ሲመጣ፣ እኛ ፎልደሩን ከመደርደሪያ አውጥተን ወደሚያየው ሐኪም እንልካለን። ትንሹ ካርድ ከጠፋ በስም ይፈለጋል። ይህ አንድ ሰዓት፣ አንዳንዴ ሁለት ሰዓት ይፈጃል። አዲስ ካርድ ማውጣት ግን የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው። ስም፣ ዕድሜ፣ ወረዳ፣ ስልክ፣ ቁጥር፣ በቃ።

ደግሞም ካርድ ክፍል የሚሠራ ሰው ዘመዱን አያሰልፍም። የተጻፈ ደንብ አይደለም፤ ግን ሁላችንም እንሠራበታለን። እናቱ የመጣችበት ሠራተኛ ፎልደር ፍለጋ አይቆምም። አዲስ ካርድ አውጥቶ፣ እናቱን በክንዷ ይዞ፣ በጎን በር ያስገባታል። ቤተሰብም የሚኮራብን በዚህ ነው።

ዓለምፀሐይ የመጀመሪያ ካርዷን ያወጣችው በ1998፣ እኔ ገና ተማሪ ሳለሁ፣ ስለ ፊቷ ወደዚሁ ሆስፒታል ቆዳ ክፍል በሄደች ጊዜ ነው። ቅባት ሰጧት፤ ቅባቱ አቃጠላት፤ ተመልሳ አልሄደችም። ሁለተኛውን እኔ አወጣሁላት፤ ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ወር፣ ለሚጥላት በሽታ ክትትል እንድትጀምር።

«ካርድ አለሽ?» አልኳት።

«ድሮ ነበረኝ። ጠፋ።»

አልፈለግኩትም። በአምስት ደቂቃ ውስጥ ሐኪም ፊት ተቀምጣ ነበር። «ወንድም እንዲህ ነው» አለችኝ ስትወጣ። ደስ አለኝ።

ሦስተኛውን በ2010 አወጣሁ። ግራ ጎኗን አመማት፤ ሽንቷም ደም ቀላቀለ። ሁለተኛው ፎልደር ከነርቭ ክፍል አልተመለሰም ነበር። ሄዶ መጠየቅ ሌላ ሕንፃ ድረስ መሄድ ነው። አዲስ አወጣሁ። አልትራሳውንድ ተነሣች። ሐኪሙ በሁለቱም ኩላሊቶች ላይ እብጠት መኖሩን፣ የግራው ሦስት ነጥብ አምስት ሴንቲ ሜትር መሆኑን ጻፈ፤ የደም ግፊቷ መቶ ስድሳ በአንድ መቶ መሆኑን መዘገበ፤ ኪኒን አዘዘ፤ በስድስት ወር ትመለስ አለ። ሕመሙ በሳምንቱ ተዋት። በስድስተኛው ወር የፋሲካ ሥራ ስለነበረባት አልሄደችም። የግፊት ኪኒኑን ግን ከሰፈር ፋርማሲ እየገዛች ቀጠለች፤ ያም ሆኖ ግፊቷ ከመቶ ሃምሳ በታች አይወርድም ነበር።

ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት ትንፋሽ እያጠራት መጣ። ከአስፋልቱ እስከ ቤቷ ባለው ዳገት ሦስት ጊዜ ትቆማለች። «ይህን መንገድ የሠራው ሰው መውረጃውን ብቻ ቢሠራ ምን ነበረበት?» ትላለች፣ ግድግዳ ተደግፋ።

በ2015 ዓ.ም. ኅዳር ፎልደሮቹን ወደ ኮምፒውተር ማስገባት ጀመርን። አንድ ስም፣ አንድ የአባት ስም፣ አንድ ስልክ ሆኖ ሁለትና ሦስት ቁጥር ያላቸውን ሲስተሙ ለይቶ በዝርዝር ያወጣቸዋል። ኅዳር 21 ቀን ከሰዓት በኋላ በዝርዝሩ ላይ «ዓለምፀሐይ ይገዙ» ሦስት ጊዜ መጣ። ሦስቱን ፎልደሮች አምጥቼ ጠረጴዛዬ ላይ ጎን ለጎን አስቀመጥኳቸው። አንዷ ዓለምፀሐይ ፊቷ ያስቸግራታል። አንዷ ዓለምፀሐይ ይጥላታል። አንዷ ዓለምፀሐይ ጎኗን ያማታል። አንዷ ስለ ሌላዋ አታውቅም።

የመጀመሪያውን ፎልደር ከዚያ ቀን በፊት ከፍቼው አላውቅም። የቆዳ ሐኪሙ በ1998 የጻፈው ስድስት መስመር ነው። በአማርኛ ሲመለስ እንዲህ ይላል፦ «የፊት እብጠቶች፣ ጀርባ ላይ ነጫጭ ምልክቶች፣ በጥፍር ሥር የበቀለ ሥጋ፣ ከሕፃንነት የጀመረ የሚጥል በሽታ። ሁሉም የአንድ በሽታ መገለጫዎች ሊሆኑ ይችላሉ። ኩላሊቷ በአልትራሳውንድ ይታይ። ከነርቭ ሐኪም ጋር በጋራ እንያት።»

ያ ጽሑፍ አሥራ ሰባት ዓመት መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል። ከአሥራ ሰባቱ አሥራ አንዱን እኔ በዚያ መደርደሪያ አጠገብ ሳልፍ ሳገድም ነበርኩ።

ሦስቱን በአንድ ፎልደር አሰርኩና የኩላሊት ቀዶ ሐኪማችን ዶክተር ቶለሳ ጋ ይዤ ሄድኩ። ቆመው አነበቡት፤ ከዚያ ተቀመጡና እንደገና አነበቡት። ሲቲ ስካን አዘዙ። ታኅሣሥ 12 ቀን ውጤቱን ይዘን ገባን፤ እኔ በር ጋ ቆሜ፣ እሷ ወንበር ላይ።

«አንድ በሽታ ነው ያለብዎት» አሏት። «ቲዩበረስ ስክለሮሲስ ይባላል። በጣም ጥቂት ሰው ላይ ነው የሚገኘው። ፊትዎ ላይ ስለወጣ የቆዳ ይመስላል፤ ግን ቆዳ ላይ ብቻ አይቆምም። ያው ዓይነት እብጠት ጭንቅላት ውስጥ አለ፤ የሚጥልዎት ከዚያ ነው። ኩላሊት ላይ አለ። ሳንባዎንም ነክቶታል፤ ዳገት የሚከብድዎት ለዚህ ነው።»

«ከማን ወረስኩት?»

«ከማንም ላይሆን ይችላል። ብዙ ጊዜ ከተረገዙበት ቀን ጀምሮ በራሱ የሚፈጠር ነው።»

«ልጄስ?»

«እኩል በእኩል ነው። ሊተላለፍ ይችላል፣ ላይተላለፍም ይችላል። እናያታለን። አሁን ግን የእርስዎ ይቀድማል።» የግራ ኩላሊቷ እብጠት ስድስት ነጥብ ሁለት ሴንቲ ሜትር ደርሶ ነበር። ከአራት ካለፈ በድንገት ሊደማ እንደሚችል፣ ከደማም ጊዜ እንደማይሰጥ ነገሯት። ረቡዕ ጥር 3 ቀን ትተኛ፣ በማግስቱ ቀዶ ጥገና ይደረግላት አሉ።

ስንወጣ ኮሪደሩ ላይ ያለው አግዳሚ ላይ ተቀመጠች። ሦስቱን ካርዶች ነገርኳት፤ ሁለቱን ማን እንዳወጣም ነገርኳት።

«ሦስት ሰው ሆኜ ነዋ የኖርኩት» አለች። «ለካ እንዲህ የሚደክመኝ ወድጄ አይደለም። ወልዱስ ሦስት ሚስት ይዞ አንዷ እንኳ ሳትመቸው።» እኔ አልሳቅኩም። ክንዴን ነካ አደረገችኝ። «ተው እንጂ ዮናስ። አንተ ባታሯሩጠኝ መቼ እመጣ ነበር? ሰልፉን አይቼ እመለስ ነበር።»

ታኅሣሥ 28 ቀን ልጠይቃት ቤቷ ሄድኩ። ከአልጋው እስከ በሩ ነጠላ ተቆልሏል። የመድኃኔዓለም ሰንበት ትምህርት ቤት መዘምራን ለጥምቀት የሚለብሱት ነው፤ አርባ ሁለት። ሸማኔዎቹ ከሽሮ ሜዳ ያመጡት ዘግይተው ነበር። እሷ አሮጌውን አንሶላ ጭኗ ላይ አድርጋ ትቋጫለች፤ ሦስት ጣቷ በፕላስተር ተጠቅልሏል።

«ጥር 3 ቀን አልችልም» አለችኝ ዓይኗን ከክሩ ሳታነሣ።

«እታለም፣ ቀጠሮ እኮ ነው።»

«ጥምቀትም ቀጠሮ ነው። እሱ ደግሞ አይዛወርም። ልጆቹ ዘርፉ የተንጨባረረ ነጠላ ለብሰው ታቦት ፊት ይሂዱ?»

«ሌላ ሰው ይቋጨው።»

«ማን? ስም ጥራ።» በዚያ ሳምንት ሥራ ፈታ የምትቀመጥ ቋጪ በጉለሌ የለችም። «ስድስት ሴንቲ ሜትር በአንድ ሌሊት አልበቀለም። ሠላሳ ስምንት ዓመት የታገሠ ዐሥራ ሁለት ቀን ያቅተዋል? ሐኪሙን አንተ ታውቃቸዋለህ። አንድ ቃል ተናገርልኝ፣ በቃ።»

«ወልዱ ምን አለ?»

እጇን አቆመች። «ወልዱ ጨጓራ መሆኑን ነው የሚያውቀው። ብነግረው ዛሬውኑ ጠቅልሎ ያስገባኛል። ከጥምቀት በኋላ እኔው እነግረዋለሁ። አንተ ግን አፍህን ትይዛለህ።»

«እሱማ ልክ አይደለም።»

«ልክ አይደለም አላልኩህም። ያዝልኝ ነው ያልኩህ።»

ያዝኩላት። ገና ካለፈ በኋላ ዶክተር ቶለሳ ጋ ሄጄ ቀጠሮው ወደ ሰኞ ጥር 15 እንዲዛወርላት ጠየቅኩ። ደስ አላላቸውም። «ሕመም ከተሰማት በዚያው ደቂቃ ትምጣ። ፎልደሩንም ይዛችሁ» አሉኝ። ፎልደሩ ላይ ቀይ ምልክት አደረግኩ፤ በውጭው ሽፋንም «የግራ ኩላሊት እብጠት 6.2 ሴ.ሜ፣ የመድማት አደጋ» ብዬ በትልቁ ጻፍኩ። በዋናው ካርድ ክፍል፣ ከበሩ ሁለተኛው መደርደሪያ ላይ አስቀመጥኩት። በዚህ ሁሉን ነገር ያስተካከልኩ መስሎኝ ነበር።

ቀጥሎ ያለውን ከድንገተኛ ክፍል መዝገብና ከሦስት ሰዎች ቃል አመሳክሬ ነው የምጽፈው።

ሰኞ ጥር 8 ቀን፣ ሩታ ትምህርት ቤት ከሄደች በኋላ፣ ዓለምፀሐይ ሠላሳ ዘጠነኛውን ነጠላ ቋጭታ እንደጨረሰች ግራ ጎኗን ያዛት። ወልዱን በስልክ ጠራችው። አዲሱ ገበያ ሰው እየጫነ ነበር፤ ተሳፋሪውን አውርዶ መጣ። ሆስፒታል በር የደረሱት ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከዐሥር ነው። ቦርሳዋ፣ በውስጡም ትንሹ ካርድ፣ ቤት ቀርቷል።

እኔ በዚያ ሰዓት ከሆስፒታሉ ውጭ ስብሰባ ላይ ነበርኩ። ስልካችሁን ዝጉ ተብለን ዘግተን ነበር።

በድንገተኛ ክፍል መስኮት የነበረችው ባልደረባዬ ቶይባ ናት። አራት ዓመት አብረን ሠርተናል፤ ሥራውን ያስተማርኳት እኔ ነኝ። ወልዱን በመልክ ታውቀዋለች። ዓለምፀሐይን እንዲያ ጎብጣ ስታያት ከወንበሯ ተነሣች። ሲስተሙ ከጠዋት ጀምሮ ተቋርጦ ነበር። ፎልደሩን ለማግኘት ግቢውን አቋርጦ ዋናው ካርድ ክፍል ሄዶ በስም መፈለግ ነው። ቶይባ የዮናስን እህት እዚያ በር ላይ ልታቆማት አልቻለችም። አዲስ ካርድ አወጣች። መዝገቡ ላይ ሰዓቱ ሦስት ከዐሥራ አራት ይላል። ከዚያም ራሷ ደግፋ አስገባቻት።

ካርዱ ባዶ ነበር። ተረኛው ወጣት ሐኪም ወልዱን ምን በሽታ እንዳለባት ጠየቀው። ወልዱ የሚያውቀውን ነገረው፦ የሚጥል በሽታ፣ ጨጓራ፣ የግፊት ኪኒን። ሐኪሙ ግፊቷን ለካ፤ መቶ አምስት በስድሳ አምስት። ለሌላ ሰው ይህ ደህና ነው። ለእሷ ግን ደሟ ግማሽ መንገድ ሄዷል ማለት ነው፤ ያን ለማወቅ የድሮውን ቁጥር ማየት ያስፈልግ ነበር። የኩላሊት ጠጠር ወይም ጨጓራ ይሆናል ብሎ ማስታገሻ ወጋት፤ ግሉኮስ አደረገላት፤ ለአልትራሳውንድ ተራ እንድትጠብቅ አደረገ። ከፊቷ ሰባት ሰው ነበር።

መርፌው ሳያደነዝዛት በፊት ወልዱን «ዮናስን ጥራው፤ እሱ ያውቃል» አለችው። ወልዱ ዘጠኝ ጊዜ ደወለ። እኔ ምን እንደማውቅ ሲጠይቃት ግን መርፌው አደንዝዟት ነበር።

ስብሰባው አምስት ሰዓት ላይ ዕረፍት ወጣ። ስልኬን ስከፍት የወልዱ ዘጠኝ ጥሪ፣ የቶይባ ሁለት። ሆስፒታል የደረስኩት አምስት ሰዓት ከሠላሳ አምስት ነው። በቀጥታ ካርድ ክፍል ገብቼ ፎልደሩን ከሁለተኛው መደርደሪያ አነሣሁ፤ አንድ ደቂቃ አልፈጀብኝም። እየሮጥኩ ድንገተኛ ክፍል ስገባ ግፊቷ ከአሥራ አምስት ደቂቃ በፊት ወደ ሰባ ወርዶ ነርሶች ከብበዋት ነበር። ሽፋኑን ለወጣቱ ሐኪም አሳየሁት። አነበበው። ፊቱ ምን እንደሆነ አልጽፍም፤ እሱ አላጠፋም። ዶክተር ቶለሳ ተጠርተው ስድስት ሰዓት ከአምስት ላይ ቀዶ ክፍል ገባች። ስድስት ሰዓት ከሃምሳ ላይ አረፈች። ሠላሳ ስምንት ዓመቷ ነበር።

የቀሩትን ሦስት ነጠላዎች ሳይቋጩ ልጆቹ ወስደው ጥምቀት ላይ ለበሷቸው።

ወልዱ በቀብሩ ማግስት፣ ድንኳን ውስጥ፣ ሰው ሳሳ ሲል ጠጋ አለኝ።

«ሐኪሙ ቀጠሮ ነበራት አለኝ። ጥር 3።»

«አዎ።»

«አንተ ታውቅ ነበር።»

«አዎ። እንዳትነግረው ብላኝ ነው።»

«እሷማ ትላለች። እሷ ምን ብላ አታውቅም?» ድምፁን ከፍ አላደረገም። «አንተ ግን የተማርክ ነህ።» ተነሥቶ ሌላ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ከዚያ ቀን ወዲህ ሰላምታ እንጂ ሌላ ቃል ከእሱ አላገኘሁም።

ቶይባ በሦስተኛው ቀን መጣች። ከቤተሰቡ ጋር ተቀምጣ ጥቂት ከቆየች በኋላ ወደ ውጭ ጠራችኝ።

«እንዳትጉላላ ብዬ ነው» አለችኝ። ዓይኗ አብጧል። «የአንተ እህት ስለሆነች ነው። ሌላ ሰው ቢሆን ፎልደሩ እስኪፈለግ ጠብቅ እለው ነበር።»

«አውቃለሁ።»

«ሌላ ሰው ብትሆን ኖሮ...»

«ቶይባ፣ አውቃለሁ። እኔም ሁለቴ አድርጌዋለሁ።»

አላመነችኝም። ሥራ ስመለስ ፎልደሩን አውጥቼ የ2004ን እና የ2010ን የመጀመሪያ ገጾች አሳየኋት። የእጅ ጽሑፌን ታውቀዋለች። ብዙ ጊዜ አየችው፤ ከዚያ ዘጋችው።

አራተኛውን ካርድ ከሦስቱ ጋር ማሰር የእኔ ሥራ ነበር። ለኃላፊዬ ሁለቱን ተደጋጋሚ ካርዶች ያወጣሁት እኔ መሆኔን በጽሑፍ አሳወቅኩ። ማስጠንቀቂያ ተሰጠኝ። አሁን ካርድ ክፍል ውስጥ የሠራተኛ ዘመድ በሰልፉ ይመጣል፤ ፎልደሩ እስኪገኝ ይጠብቃል። ባልደረቦቼ በዚህ አልወደዱኝም። አንዱ «እህትህ ስለሞተች እናቴ በፀሐይ ትቁም?» ብሎኛል። እናቱ ቆማለች።

የሩታ ጉዳይ ሁለት ወር ዘገየ። ዶክተር ቶለሳ ለአባቷ ሁለት ጊዜ መልእክት ልከዋል። ወልዱ ሆስፒታሉን ማየት አልፈለገም፤ እኔም ልጠይቀው አፍ አልነበረኝም። መጋቢት 13 ቀን ጠዋት መስኮቴ ላይ ሳለሁ ሰልፉ ውስጥ አየኋቸው፤ እሱና ሩታ፣ አሥራ ስድስት ሰው ከፊታቸው። ሩታ እጇን አነሣችልኝ። ካልሲዋ እስከ ጉልበቷ ነው። ወደ እኔ መስኮት የሚወስደው ሰልፍ አጭር ነበር፤ ወልዱ ረጅሙን፣ የቶይባን መረጠ።

በዚያ ቀን ካርድ ወጣላት፣ አንድ። ባቷ ላይ ያለውን ምልክት በልዩ መብራት አዩት፤ ጀርባዋ ላይ እሷም የማታውቃቸው አራት ሌሎች ተገኙ። አልትራሳውንዱ በቀኝ ኩላሊቷ ላይ ሁለት ትንንሽ እብጠቶች አሳየ፤ ስድስትና ዘጠኝ ሚሊ ሜትር። ምንም የሚደረግ የለም፤ በየስድስት ወሩ ማየት ነው። ጥሏት አያውቅም። ለአባቷ ይህን ሲነግሩት በሽታው አለባት ወይስ የለባትም ብሎ ጠየቀ። አለባት አሉት።

የሁለተኛው ቀጠሮ መስከረም ላይ ነበር። እኔ ከቶይባ ጎን ባለው መስኮት ተቀምጬ ነበር። ወልዱ ተራው ሲደርስ ቶይባ ትንሹን ካርድ ጠየቀችው። ሩታ ቦርሳዋን ፈተሸች፤ አልነበረም፤ ፊቷ ተለወጠ። ወልዱ ቁጥሩን ቶሎ ሳይል፣ አሐዝ በአሐዝ፣ በቃሉ ነገራት። ቶይባ ጻፈችው። ከዚያ ወደ ኋላ ሄዳ ተመለሰችና ፎልደሩ ከቦታው እንደሌለ፣ ምናልባት ልጆች ክፍል ቀርቶ እንደሆነ፣ ፍለጋው ሊቆይ እንደሚችል ነገረችው።

«ይፈለግ» አለ። «እንጠብቃለን።»

አግዳሚው ሞልቶ ስለነበር ሩታን ጥግ ላይ አስቀምጦ እሱ ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ። አንድ ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ፈጀ።